ጨዋታው አራተኛ ክፍል ላይ ተበላሸ

አራተኛው ክፍል ቆንጆ ነው ከሚል ሰው ጋር እጣላለሁ። ቆንጆነቱን አልካድኩም። ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ሲዘንብ የቤቱ ጣሪያ ይረጥባል፣ ንጉሡ ሲቆጣ ቅንድቡ ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ ምን ይጠበስ? መልክ ታጥቦ አይጠጣም። የጨዋታውን ስም አልጠራም፤ የሠሩት ሰዎች ቡታጅራ የሚባል ከተማ መኖሩን አያውቁም፣ እኔም የነሱ አስተዋዋቂ አይደለሁም። መንደር ትቆረቁራለህ፣ እህል ትዘራለህ፣ ወታደር ታሠለጥናለህ፣ ጎረቤትህን ወይ ትወዳጃለህ ወይ ትወጋለህ። በቃ ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው ግን የትኛው ክፍል ይሻላል ብዬ ለመከራከር ብቻ አይደለም። በዚያ በአራተኛው ክፍል ሰበብ በገዛ እህቴና በአብሮ አደጌ ላይ የሠራሁትን ክፉ ሥራ ልናገር ነው። ክፉ መሆኑን እያወቅኩ ነው የሠራሁት። ሲጣፍጠኝም ነበር።

አብሮ አደጌ ከእንሴኖ ለትምህርት መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል አጠገቤ የተቀመጠ የገበሬ ልጅ ነው። ትምህርቱን ጨርሰን መናኸሪያው አካባቢ የሞባይልና የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቅ አብረን ከፈትን። እኔ እበይዳለሁ፣ እሱ ሶፍትዌር ይጭናል። ሰው አንዳችንን ብቻ ሲያይ «ሌላውስ ታመመ እንዴ?» ይል ነበር።

የመጀመሪያውን ክፍል ያገኘነው ተማሪ ሳለን ነው። ለአረፋ ከአዲስ አበባ የመጣ የአጎቴ ልጅ በፍላሽ ይዞልን መጣ። ሥዕሉ ያስቅ ነበር፤ ወታደሩ አራት ነጥብ፣ ላሟ ስድስት ነጥብ። ግን ጎተራ ነበረው! ጎተራህ ካልሞላ ክረምት ላይ ሕዝብህ ያልቃል፣ ስለዚህ ከጦር በፊት እህል ማለት ነው። አብሮ አደጌ መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ መሬቱን እንደሚያሳርፍ ማንም ሳይነግረው ገባው። እኔ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ መግዛትና መሸጥ እንጂ መጠበቅ የት አውቄ! ወታደሮቼ ዘመቻ ሳይወጡ በረሃብ እያለቁ ስንት ጊዜ አለቀስኩ።

ሁለተኛው ባሕር አመጣ። እኛ ከዝዋይ ሐይቅ ሌላ ውሃ አላየንም፣ ለማዕበል ምን እውቀት አለን? ሠራዊቴን በሙሉ አንድ መርከብ ላይ ጭኜ ላክሁና ባሕሩ በላው። ሙዚቃውም ራስ ያዞራል። አጥፍተነው ነበር የምንጫወተው። ሁለተኛውን የሚወድ ሰው እስከዛሬ አልገጠመኝም።

ሦስተኛው ግን... አላህ ይስጣቸው የዚያን ጊዜዎቹን! ውል የሚባል ነገር አስገቡ። ሁለት ነገሥታት ማኅተም ያደርጋሉ። ውሉን ማፍረስ የፈለገ መጀመሪያ መልእክተኛ ይልካል፣ ከዚያ አምስት ተራ ይጠብቃል። በአምስቱ ተራ ሌላኛው ግንቡን ያድሳል፣ ከብቱን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ሴትና ሕፃኑን ያሸሻል። ጦርነት አይቀርም፤ ግን ተነግሮህ ነው የምትወጋው። አብሮ አደጌ «ይህንን የሠራው ሰው የኛ አገር ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም» እያለ ይስቅ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛውን ተጫወትን፣ አልሰለቸንም።

የምንጫወተው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ደንበኛ ሲሳሳ፣ በአንድ ላፕቶፕ ላይ በየተራ ነው። እኔ ተራዬን ስጫወት እሱ በረንዳ ወጥቶ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል፣ እሱ ሲጫወት እኔ እወጣለሁ። ሲጨርስ «ተራህ!» ይለኛል። ሰርቆ ማየት የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ እንኳ ወጥቶ እየራሰ ቆሞልኛል።

እህቴ በሦስት ዓመት ታንሰኛለች፤ ወልቂጤ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ቤት ስትመጣ ሱቅ ጎራ ትላለች። ከሱ ጋር መፈላለጋቸውን እኔ ነኝ መጨረሻ ያወቅኩት። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ መፍቻውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «ካልፈቀድክ እዚሁ ላይ አፌን እዘጋለሁ፣ ወላሂ» አለኝ። አቅፌ ሳምኩት። «ሽማግሌ ስልክ ምላሴ አንተ ነህ» አለኝ። «ተወው ለኔ!» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ከልቤ።

ምላሴ አንተ ነህ ማለቱ ዝም ብሎ አይደለም። በኛ ቤት ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ «ተመለሱ» ይባላል። በሁለተኛው ከልጁ ጋር የበላ የጠጣ ሰው ይፈለግና በሽማግሌዎቹ ፊት «ምን ታውቃለህ?» ይባላል። የዚያ ሰው ቃል ይቆርጣል። ልጁ ነውር አለበት ከተባለ ደግሞ ዝርዝሩን ማንም አይጠይቅም። የሰው ገመና መቆፈር ከነውሩ የባሰ ነውር ነው። ሽማግሌው ቆቡን ያስተካክላል፣ «ኸይር ነው» ይላል፣ ይወጣል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

እህቴ በፊት የመጡ ሁለት ሰዎችን መልሳለች፣ አባቴም አልተጫኗትም። በሦስተኛው ግን፣ የአብሮ አደጌ ሽማግሌዎች መጥተው «ተመለሱ» በተባሉ ጊዜ፣ ቃል አስገቧት። «የፈለግሽውን ልጅ ሽማግሌ እቀበልልሻለሁ፤ እሱ ካልሆነ ግን እኔ የመረጥኩትን እምቢ አትይኝም» አሏት። እሺ አለች። ምን ያስፈራታል? መስካሪው ወንድሟ ነው።

በዚህ መሀል አራተኛው ክፍል ወጣ። ስንት ወር የጠበቅነው! ላፕቶፑ አልችል ብሎ እንደ ወፍጮ ሲጮህ ከሥሩ ማቀዝቀዣ አስገብተንለት አስጀመርነው። መጀመሪያ አፋችንን ከፍተን አየን። ከዚያ ጎተራውን ፈለግን፣ የለም። እህል ራሱ ይዘራል፣ ራሱ ይታጨዳል። «ገበሬውን አባረሩት» አለ አብሮ አደጌ፣ ቅር ብሎት። ባሕሩን አሳምረውታል፣ መርከብ አይሰምጥም። ባሕር ላይ መስጠም ከሌለ ባሕሩ ለምን አስፈለገ? ውሉ ግን ከሁሉም የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ማኅተም ታደርጋለህ፣ ከጎኑ ቀይ ቁልፍ አለ፣ ስትጫነው ውሉ እዚያው ፈረሰ። መልእክተኛ የለ፣ አምስት ተራ የለ። ጭራሽ ለሚጫነው ሽልማት አለው፤ «ብልህ ንጉሥ» ብሎ ስሙን በወርቅ ቀለም ይጽፍለታል። ማሻሻል ይሉታል እንግዲህ።

«ቀዩን ቁልፍ አንነካም፣ በሦስተኛው ሕግ እንጫወት» አልኩት።

«እሺ በቃ» አለኝ።

«ቃል?»

«ቃል አልኩህ እኮ! ምነው ዛሬ?»

ስድስት ሳምንት በየዓርቡ አንድ ጨዋታ ስንገፋ ቆየን። እሱን አምኜ በሱ በኩል ያለውን ድንበር ባዶ አደረግሁት፣ ወታደሬን በሙሉ ወደ ሰሜን ሰደድኩ። በስድስተኛው ዓርብ ስልካቸው እስኪሠራ የሚጠብቁ ሦስት የባጃጅ ሾፌሮች ሱቅ ውስጥ ነበሩ። እኔ በረንዳ ላይ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ቆሜ ሳቅ ሰማሁ። «ተራህ!» አለኝ። ገባሁ። ዋና ከተማዬ ይነዳል። የሱ ባንዲራ ግንቤ ላይ ቆሟል። ስሙ በወርቅ ተጽፏል።

«ቃል ገብተህ ነበር» አልኩት።

«ኧረ ጌም ነው ባክህ፣ አታካብድ! ቁልፉ ምን እንደሚሠራ ልየው ብዬ ነው» አለ። ከሦስቱም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

በማግስቱ መናኸሪያው ሁሉ ሰምቷል። ባጃጅ ያቆመው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ «ንጉሥ ሆይ! ግንብዎ እንዴት አደረ?» ይለኛል። ሻይ ልጠጣ ስገባ «ለንጉሡ ወንበር ልቀቁ!» ይባላል። እኔ ደግሞ ሙድ ሲያዝብኝ አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልም፣ ደሜ ይፈላል። አብሮ አደጌ ሊያባብለኝ «በሚቀጥለው አንተ ታቃጥለኛለህ» ይለኛል። እኔ ከሱ ጋር በሚቀጥለው መጫወት አልፈልግም ነበር፤ የፈለግሁት እሱም አንድ ቀን ሰው ፊት ፊቱ ሲቀላ ማየት ነው።

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ የመጡት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐሙስ ነው። ሦስት ናቸው፣ አንደኛው ከእንሴኖ የመጡ የልጁ አጎት። አባቴ አስጠሩኝ። ከሱቅ ስመጣ እንኳ አንዱ «ንጉሥ ሆይ» ብሎኝ ነበር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እነሱ ምን ያውቃሉ፣ ማጭዱን በእጄ አስጨበጡኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ አባቴ፣ «ከዚህ ልጅ ጋር አሥራ አምስት ዓመት በልተሃል ጠጥተሃል። እህትህን ልሰጠው ነው። ምን ታውቃለህ?»

«ቃል የለውም፣ አባ» አልኩ።

የልጁ አጎት በቀስታ «የሰማኸው ነው ያየኸው?» አሉኝ።

«በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ቃል ገብቶልኝ ሰው ፊት አፈረሰው።»

አንድም ውሸት አልተናገርኩም። በዚህ ነው ደስ ያለኝ። አንዳቸው «የምን ቃል?» ቢሉኝ ኖሮ ምን እመልስ ነበር? ጌም ልል? አይጠይቁም፤ እንደማይጠይቁም አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ «ኸይር ነው» አሉ። አጎቱ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው አደረጉ፤ አይቻለሁ፣ አላሳዘኑኝም። ማታ ራት ሁለት እጥፍ በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት አብሮ አደጌ ቀድሞኝ ሱቅ ከፍቶ ጠበቀኝ። ዓይኑ አብጧል። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«አንተ ታውቃለህ።»

«ወላሂ አላውቅም። የምን ቃል ነው ያፈረስኩት? ንገረኝ።»

ብየዳዬን አሞቅኩ። ከዚያ ራሱን መበርበር ጀመረ። የአክስቴ ለቅሶ ላይ አርፍዶ መምጣቱን አነሳ። አንዴ የሰው ስልክ ሰብሮ እኔ የሰበርኩት ሲመስላቸው ዝም ማለቱን አነሳ። ከእህቴ ጋር መጻጻፍ ከጀመሩ በኋላ አምስት ወር ሳይነግረኝ መቆየቱን እያለቀሰ ተናዘዘ። የማላውቀውን ጥፋት ሁሉ አወጣልኝ፤ ቀዩ ቁልፍ ግን በሐሳቡም አልመጣም። ሰው በጌም ምክንያት እንዲህ ያደርጋል ብሎ እንዴት ያስብ? እኔ እየሰማሁት የአንድ ስልክ ቻርጅ ማስገቢያ በይጄ ጨረስኩ። «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ በመጨረሻ። «አላህ አፉ ይበልህ» አልኩት፣ ቀና ሳልል። መፍቻዎቹን እንኳ ሳይሰበስብ ወደ እንሴኖ፣ እናቱ ቤት ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ መናኸሪያው እኔን መጥራት ተወ። ለምን እንደተለያየን ማንም አያውቅም፤ ጨዋታው ተረሳ። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ላፕቶፑን ከፍቼ ሦስተኛውን ከኮምፒዩተሩ ጋር ብቻዬን ጀመርኩ። ኮምፒዩተር ውል ይጠብቃል፣ ግን «ተራህ» አይልም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋሁት። ያን ጊዜ ነው መሄዱ የታወቀኝ፤ ለሱ አዝኜ አልነበረም፣ ሰለቸኝ እንጂ።

አረፋ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የቆሼ ከተማ በርበሬ ነጋዴ፣ የአባቴ ደንበኛ፣ ሽማግሌ ላኩ። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጨዋ፣ የተከበሩ፣ ከእህቴ በሃያ ዓመት የሚበልጡ ሰው። አባቴ መልሱን በአረፋ እሰጣለሁ አሉ።

እህቴ በሴቶች አረፋ ቀን፣ ማለትም ከእርዱ አንድ ቀን ቀድሞ ሴቶቹ ጎመንና ቅቤ በሚያዘጋጁበት ቀን፣ ከወልቂጤ መጣች። ጓሮ ብቻዋን ጎመን ስትከትፍ ጠራችኝ። አላለቀሰችም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «የምን ቃል ነው ያፈረሰው? የሴት ነገር ከሆነ ንገረኝ፣ ልቤ ይረፍ።»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ቢላዋውን አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ጌም ላይ ነው» አልኩ።

«ጌም?»

«አራተኛው ላይ ቀይ ቁልፍ አለ። አንነካም ተባብለን ነካው። ሰው አሳቀብኝ።»

ገና ሳልጨርስ አመነችኝ። ይህ ነው ያመመኝ፤ አንዴ እንኳ «አታደርገውም» አላለችም። ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቀኛለች፣ እንደማደርገው ታውቃለች።

«ለአባ ንገር። ነገ ከእርዱ በፊት» አለች። «እኔ ብናገር ስለምትወጂው ነው ይሉኛል፣ እሱ ቢናገር ራሱን ሊያድን ነው ይሉታል። ያፈረሰው ያንተ አፍ ነው። እኔ ቃል አለብኝ፣ አባን እምቢ አልልም።»

«እነግራለሁ» አልኩ። እየተንተባተብኩ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። «ዛሬ አልፈልገውም፣ ነገ ተናግረህ ና» አለችና ቢላዋዋን አነሳች።

በማግስቱ ከሶላት ተመልሰን ቤተ ዘመድ ሁሉ ሳሎን ተቀመጠ። በሬው ደጅ ታስሯል። በኛ ቤት የተቀያየመ ሰው እያለ ቢላዋ አይነሳም፣ ስለዚህ እርስ በርስ አፉ መባባል ተጀመረ። ተራዬ ሲደርስ አባቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

«አባ፣ አፉ ይበሉኝ። ስለዚያ ልጅ ቃል የለውም ያልኩት የኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ነው። እውነተኛ ነገር አይደለም። ተናድጄ ነው። ልጁ ምንም ነውር የለበትም።»

አባቴ ቁልቁል አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አደረጉ።

«ተመልከቱት» አሉ ለዘመዱ። «ጓደኛውን በበዓል ቀን ሊሸፍንለት ራሱን ልጅ አደረገ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው በሕፃን ጨዋታ የእህቱን ትዳር ያፈርሳል? ያውም እኔ የወለድኩት? እንግዲያው ነገሩ ካሰብኩትም የከበደ ነው።»

«አባ፣ ወላሂ እውነቴን ነው፣ ሱቅ ሄደን ላሳይዎት...»

«በቃ። አልጠይቅህም፣ አትንገረኝ። ገመናውን ይዘህለት ኖር።» አጎቶቼ «ማሻአላህ» አሉ። አንዷ አክስቴ ዓይኗን ጠረገች። አባቴ ለቆሼው ሰውዬ እሺ ማለታቸውን እዚያው ተናገሩና ለዱዓ መዳፋቸውን ዘረጉ። የሁሉም መዳፍ አብሮ ተዘረጋ። እህቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እጇ ከጭኗ አልተነሳም፣ የምታየው እኔን ነው።

መጮህ እችል ነበር። ሦስቱን ሾፌሮች ከመናኸሪያ ጠርቼ ማስመስከር እችል ነበር፤ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፣ እኔ ግን ማሸት ሳልሞክር ነው የቀረሁት። ምክንያቱም አባቴ በዕድሜዬ ሙሉ ዘመድ ፊት አመስግነውኝ አያውቁም። እጃቸው ጭንቅላቴ ላይ ሞቆኝ ነበር፣ እንዲነሳ አልፈለግሁም።

«የሰው ገመና የሸፈነ፣ አላህ ገመናውን ይሸፍንለት» አሉ አባቴ።

«አሚን» አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።